የአመዲት ጉሮሮ

ጥቅምት 8

ዛሬም አንዱ መጣብኝ። በመስታወቱ ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ "ይቅርታ… እርስዎ አመዲት ነዎት አይደል?" አለ። ፀጉሩ የሸሸ ጎልማሳ ነው። የአውቶቡሱን መነሻ ሰዓት ነገርኩት። ዞር ይላል ስል "እስቲ አንዴ ሳቋን ይሳቁልን" አለኝ። ሚስቱ ከኋላው ስልኳን ደግና ትቀርጻለች።

መጋረጃውን ሳብኩባቸው።

የአውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ ላይ የምናገረው በርና ሰዓት ብቻ ነው። እሱንም ሲሰማ የሚደነግጥ አለ። አመዲት የምትባለውን ክፉ በድምፄ የሠራሁበትን ያን የተረገመ ካርቱን እያዩ ያደጉት ልጆች ራሳቸው መሸበት ጀምረዋል። እሱ ግን አላረጅ አለ። የጣቢያው ዘበኛ ኪስ አውላቂ ሲይዝ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ "ክፉ መደበቂያ የለውም!" ይላል። የካርቱኑ ጀግና የክንፈ ብረት ቃል ናት። ጥርሴን የነቀለው ሐኪም ሳይቀር፣ ጉጠቱን እንደያዘ "እርስዎ ነዎት ያሳደጉን" አለኝ። አፌ ተከፍቶ ምን ልመልስለት?

እኔ ያሳደግኩት አንድ ልጅ ነው። እሷንም…

ይቅር።

ጥቅምት 12

ቴሌቪዥን ጣቢያው ክንፈ ብረትን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እንደገና ያሳያል አሉ። በየቀኑ፣ ልክ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲገቡ። የሠላሳ ዓመት መታሰቢያ ነው ተብሏል።

መታሰቢያ ለሞተ አይደለም እንዴ?

ጥቅምት 15

ልጄ ደወለች። እሑድ አይመጡም። መጀመሪያ ትንሿን ጉንፋን ይዟታል አለች። ቀጥላ እንግዳ አለብን አለች። ሁለት ሰበብ ስትደረድር ገባኝ… ምንድን ነው ብዬ ያዝኳት።

ትንሿ የልጅ ልጄ ካርቱኑን አይታለች። አመዲት ሕፃናት በተኙበት መስኮት አመድ ስትነፋ ሰምታ "ይቺ አያቴ ናት" ብላ አልጋ ሥር ገባች። እናቷ ሥራ ነው፣ ቀልድ ነው፣ የሥዕል ድምፅ ነው ብትላት አልወጣም አለች።

"ለጊዜው በስልክም ባታናግሪያት ይሻላል፣ እማ" አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ቀስ ማለቷ የበለጠ አናደደኝ።

ተረት የምነግራት በዚሁ ጉሮሮ ነበር። ሌላ የለኝም።

ጥቅምት 19

ከቴሌቪዥኑ አንድ ልጅ እግር ፕሮዲውሰር አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ መጣ። ለመታሰቢያው ትልቅ ዝግጅት አለ፤ በቀጥታ የሚተላለፍ። የክንፈ ብረት ድምፅና የአመዲት ድምፅ አንድ መድረክ ላይ። "እናታችን፣ ያለ እርስዎ አይሆንም" አለ። እናታችን! አልፈልግም አልኩት። ቡናማ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ።

የክንፈ ብረትን ድምፅ ከሚሠራው ሰውዬ ጋር አንድ መድረክ ላይ? ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ጀግናው ልበለው፤ እሱም ይሄንኑ ነው የሚወደው። ያኔ ሁለታችን የምንቀዳው በአንድ ማይክ ነበር፤ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ። ተራዬ ሲደርስ በትከሻው ይገፋኝና ሥዕሏ አፏን ከከፈተች በኋላ እደርሳለሁ። ቀጂው "አፍ አልገጠመም፣ ድገሚው" ይላል። ጀግናው ይስቃል።

እሱን ግን ይቅር ብዬ ነበር። ይቅር ያላልኩት ሌላውን ነው።

ጥቅምት 20

እንቅልፍ አጣሁበት፤ ልጻፈው።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ጀግናው ካባ ለብሶ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ይዞር ነበር። የእሷም ትምህርት ቤት ሄደ። ልጆቹን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰብስቦ፣ "የአመዲት ልጅ እዚህ ናት አሉኝ፣ የታለች?" አለ። መድረክ ላይ አወጣት። እናቷ ክፉ መሆን አለመሆኗን ልጆቹን ጠየቃቸው። ያ ሁሉ ልጅ መሬቱን በእግሩ እየመታ "ክፉ መደበቂያ የለውም!" አለ።

ይሄን የነገረችኝ አስተማሪዋ ናት። ልጄ ያን ቀን ሽንቷ አምልጧት ቀሚሷን አርጥባ ነው ቤት የመጣችው። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እስከዛሬም አልተነፈሰችም።

በማግስቱ ስቱዲዮ ሄጄ ጠየቅኩት። "ጨዋታ ነው እኮ" አለኝ። ትምህርት ቤት ቀየርኩላት። አዲሱም ቦታ ሳምንት ሳይሞላ የአመዲት ልጅ ሆነች።

ጥቅምት 23

ለፕሮዲውሰሩ ደውዬ እሺ አልኩት።

አብጃለሁ? እንጃ። ያሰብኩት እንዲህ ነው… ትንሿ በቴሌቪዥን ታየኛለች። በገዛ ፊቴ፣ በገዛ ልብሴ። ድምፁ እንዴት እንደሚሠራ አሳያለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይፈራል? ስለ ሥራዬ በራሴ ስም እንድናገር ቃል ገብቶልኛል። ልጄ ግን "ይቅርብሽ" አለች። ለምን ስላት ወሬ ቀየረች።

ኅዳር 4

ከዝግጅቱ አሁን ገባሁ። ጫማዬን አላወለቅኩም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አባቶች ካባ ለብሰው ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለዋል። ጀግናው ቦርጩን በቀበቶ አስሮ፣ ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶ መጣ። ጉንጬን ሳመኝ። ለካሜራ ነው።

መጀመሪያው ደህና ነበር። የአመዲትን ነፋስ እንዴት እንደማመጣው አሳየሁ፤ መዳፌን እንደ ጽዋ አድርጌ፣ ከማይኩ ጎን እፍ… ልጆቹ ሳቁ። ካሜራውን ቀጥ ብዬ አየሁት። አሁን ታየኛለች፣ አሁን "አያቴ ናት" ትላለች እያልኩ።

ከዚያ መብራቱ ቀነሰ። ከላይ የተቆራረጠ ግራጫ ወረቀት ይዘንብ ጀመር። አስተዋዋቂዋ ወረቀት ሰጠችኝ፤ የመጨረሻው ክፍል ንግግር ነው። አመዲት ተንበርክካ ምሕረት የምትለምንበት። ማንም አልነገረኝም ነበር። ፕሮዲውሰሩ ከመጋረጃው ጥግ በእጁ ወደ ታች፣ ወደ ታች ይለኛል። ሕዝቡ መሬቱን መምታት ጀመረ። ያው ጩኸት። ወለሉ ከጫማዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ… ልጄ ያን ቀን የተሰማት ይሄ ነው?

አልተንበረከክሁም። በራሴ ድምፅ፣ "ልጄን መድረክ ላይ አውጥተህ ያስጮህክባት ቀን ትዝ ይልሃል?" አልኩት።

ሰምቶኛል። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ እልም ሲል አይቻለሁ። ወዲያው ደረቱን ነፋና በክንፈ ብረት ድምፅ "ክፉ ሰበብ አያጣም!" አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የተጻፈ መስሏቸዋል።

ማይኩን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አልወረወርኩትም፤ ማይኩ ምን አደረገኝ።

ኅዳር 5

ስልኬ አላርፍ አለ። ቪዲዮውን ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። አንዱ "አሁንም ጥላቻዋ እውነት ይመስላል፣ ምን ያለች ተዋናይት ናት!" ብሎ ጽፏል።

ይመስላል?

ኅዳር 7

ልጄ ብቻዋን መጣች። ሳትደውል። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ሻይ ላፍላ ስላት እጄን ያዘች።

"ያን ቀን ማን እንደጮኸ ታውቂያለሽ?" አለች።

ልጆቹ ናቸዋ፣ አልኩ።

"ማይኩን አፌ ላይ አደረገልኝ። መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነኝ፣ እማ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ሁሉም አጨበጨቡልኝ። አቅፎ አነሳኝ። በዕረፍት ሰዓት ከእኛ ጋር ተጫወቺ አሉኝ… ደስ አለኝ። ከዚያ ቤት መምጣት ፈራሁ።"

ቀሚሷ የረጠበው መንገድ ላይ ነው። ወደ ቤት ስትቃረብ።

ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። አልተናደድኩም ብል ራሴን መዋሸት ነው። በሕፃን ልጅ ተናደድኩ፤ አሁን አርባ ልትደፍን በተቃረበች ሕፃን። ይሄን ሁሉ ዓመት በእሷ ስም ጥርሴን ሳፋጭ፣ እሷ ደግሞ ዓይኔን ማየት እያቃታት… ለካ እሑድ እሑድ ትንሿን ወደ እኔ እየገፋች እሷ ጓዳ ለጓዳ የምትዞረው ለዚህ ነው።

ስመለስ ኮቷን እንደለበሰች ታለቅሳለች። "ኮትሽን አውልቂ፣ ቤትሽ ነው" አልኳት። አወለቀች።

ኅዳር 9

ልጄ ከቪዲዮው ሥር ጻፈችበት። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ አለች። የሆነውን ሁሉ፣ የራሷንም ጩኸት ሳትደብቅ።

ኅዳር 12

እሷ ብቻ አይደለችም ለካ። ጀግናው በየትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ መድረክ ላይ ያወጣ ነበር። ወፍራሙን፣ ዓይኑ የተንሸዋረረውን፣ ማንም የማይወደውን። "ዛሬ አንተ የአመዲት ወታደር ነህ" እያለ። አሁን ሁሉም ይጽፋሉ። ጎልማሶች ናቸው… አንዱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው።

ጀግናውን ከማስታወቂያው ሁሉ አወረዱት። ደስ አለኝ። እዚህም ልዋሽ?

ኅዳር 15

ደወለ። በራሱ ድምፅ ሲናገር መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ቀጭን ናት። ደጁ ላይ ሰዎች ቆመው "ክፉ መደበቂያ የለውም!" እያሉ ይጮኻሉ አለ። ካባ የለበሱም አሉ። ከሚስቱ ጋር መስኮት ዘግተው ነው የሚውሉት። አንድ ነገር ተናገሪልኝ አለኝ። "አንቺን ይሰማሉ።"

ከስልኩ ጀርባ ጩኸቱ ይሰማኛል። ልክ ያኔ ያስተማራቸው ምት ነው፤ ሁለቴ እግር፣ አንዴ ጭብጨባ። ያሳደገን የሚሉት ይሄን ነው። የሚጮኹበት ሰው ይቀየር እንጂ ጩኸቱን እንደሆነ አንዳቸውም አልረሱት።

"ጨዋታ ነው እኮ" አልኩትና ዘጋሁት።

ኅዳር 16

ሚስቱ ምን አጠፋች? ቀኑን ሙሉ እሷን ሳስብ ዋልኩ። ለፕሮዲውሰሩ ደወልኩ። ከሰውዬው ደጅ ሂዱ ብላለች ብለህ በስሜ አውጣው አልኩት። ይቅር ብላዋለች ልበል ወይ አለኝ። አላልኩም፣ እንዳትጨምርብኝ፣ ሂዱ ብላለች ብቻ በል አልኩት።

ኅዳር 21

ልጄ ትንሿን ይዛ መጣች። ልጅቷ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። በሩም ክፍት ይሁን አለች። ይሁን አልኩ። ልጄ እኛን ትታ ለመውጣት ብድግ ስትል "ተቀመጪ፣ ዛሬ ጓዳ የለም" አልኳት። ሦስታችንም ተቀመጥን።

እኔም ፈርቻለሁ… አፌን ብከፍት ትሮጣለች ብዬ።

መጨረሻ ላይ ወሬውን ትንሿ ራሷ ጀመረችው። "ክንፈ ብረት አሁን መጥፎ ሆነ?"

"ሥዕሉ ምን አጠፋ። ድምፅ የሰጠው ሰውዬ ነው መጥፎ ነገር የሠራው" አልኳት። ድምፄ ሻከረ። አልሮጠችም።

"እናቴም ሠርታለች። ነግራኛለች።"

ልጄን አየኋት። ዓይኗን አላሸሸችም።

"አዎ። ሠርታለች።"

"አንቺስ?"

እኔማ ምንም አላደረግኩ ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። መስኮት ዘግታ የምትውለው የጀግናው ሚስት ትዝ አለችኝ።

"እኔም አንዳንዴ" አልኳት።

ትንሽ አሰበችበት። ከወንበሩ ወርዳ ሄዳ በሩን ዘጋችው። ብርድ ይገባል አለች።