ያልታመመው ሞተር

ዓለሙዬ፣

ያለህበትን ሁሉ ብርሃን ያድርግልህ። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሳምንት ነበር የተለየኸን፤ አሁን ዓቢይ ጾም ገብቷል። አንተና እኔ ተኳርፈን እንኳ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ተባብለን አናውቅም። ስለዚህ ለመጻፍ ስቀመጥ የማወራህ ብዙ መስሎኝ ነበር። ሲታይ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የሚያሳፍር ነው። እስክደፍር ድረስ የቤቱን ወሬ ልንገርህ።

ልጃችን ሕይወት ደህና ናት። እዚያው ኦታዋ ሥራዋ ላይ ናት፤ በየእሑዱ ኮል ታደርጋለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ ልጅህ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ በዚህ በኩል የተለወጠ የለም። ካፖርትህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። አንሺው የሚሉኝ አሉ፤ እጄ ግን እስካሁን እሺ አላለኝም። ጎረቤታችን አጥሩን ሲያድስ የቲማቲም መደብህን እንዳይረግጥብኝ ቆሜ ጠብቄዋለሁ።

ደግሞ መኪና መንዳት ጀምሬያለሁ። አትሳቅ። ያ መንጃ ፈቃድ ስንት ዓመት ሙሉ ከቦርሳዬ ውስጥ እንደ መታወቂያ ሲያገለግል ኖሮ አሁን ሥራ ተገኘለት። ከኢስት ዮርክ ኢቶቢኮ፣ እስከምሠራበት አረጋውያን ቤት፣ በባቡርና በአውቶቡስ መመላለሱ ጉልበቴን ጨረሰው። ሕይወት በጥቅምት እየመጣች ከሰዓት በኋላ አለማመደችኝ። ያኔ ብርዱ ገና አልጠናም፤ መኪናህም ጨዋ ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

በእድራችን ሐዘንተኛ መሪ አይጨብጥም የሚለውን ሥርዓት ያመጣኸው አንተ ነህ። እንባ ያቆረዘዘ ዓይን የቶሮንቶን መንገድ አያይም ብለህ ተከራክረህ አሳመንካቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት የቤቱን መኪና ቁልፍ አንድ የታመነ ሰው ይረከባል። እንግዳ ከኤርፖርት ያመጣል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መቃብር ይነዳል፣ አርባው ሲወጣ ቁልፉን ይመልሳል። አንተ ይህን ኃላፊነት ብዙ ዘመን ይዘኸው ጉልበትህ ሲያስቸግርህ ለግርማ አስረከብከው። እህቱ ስፖንሰር አድርጋው ከመጣ ጀምሮ በበረዶ ላይ እንዴት ፍሬን እንደሚያዝ በባዶ ፓርኪንግ ያስተማርከው ልጅህ ነው ማለት ይቻላል። የኛም ቁልፍ በተራው በእሱ እጅ ገባ። አንተን የሸኘንህ በእሱ ሾፌርነት ነው። አርባህ ካለፈ በኋላ መኪናውን አጥቦ፣ ምንጣፉን አራግፎ፣ በሁለት እጁ ቁልፉን ሰጠኝ።

በኅዳር ብርዱ ሲመጣ አንድ ቀን ለሥራ ብዬ በጠዋት አስነሣሁት። መኪናው አጓራ። እግሬን አየሁት፤ ነዳጁን አልረገጥኩም። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው የዳሽቦርዱ መርፌ ግን ሽቅብ ወጥቶ ቆሟል። አጥፍቼ ደግሜ አስነሣሁት፤ ያው ነው። ደነገጥኩና በአውቶቡስ ሄድኩ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። አንተ የሰው መኪና ስታይ ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተሩ ዙር፣ ከፍ ያለ መኪና በሽተኛ ነው ስትል እሰማህ ነበር። ይህን ይዤ ፈረድኩ፦ ግርማ ኤርፖርት ሲመላለስ አቃጥሎታል።

ለምን አልጠየቅሁትም? ይሉኝታ ያዘኝ። ስንት የደከመልንን ሰው ፊት ለፊት መኪናዬን ምን አደረግክብኝ ማለት ነውር መሰለኝ። ይሉኝታዬ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ወዲህ ብቻ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አጠገቤ ለተቀመጡት ሴቶች፣ ባሌ እንደ እንቁላል የያዘውን መኪና በሐዘኔ መሀል ገደሉብኝ አልኩ። ስም አልጠራሁም፤ ማን እንደሆነ የጠፋው ግን አልነበረም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ዓለሙዬ። ምሳ ሳንጨርስ ወሬው ወንዶቹ ጠረጴዛ ደረሰ።

ግርማ በሳምንቱ መጣ። ግባ ብለው አልገባም። እትዬ፣ ሳላውቅ ጎድቼው ከሆነ እኔው አስጠግነዋለሁ ብሎ ከሥራው አጠገብ ኢቶቢኮ ወዳለ ጋራዥ ወሰደው። ማታ መልሶ፣ ምንም አላገኙበትም አለኝ። በማግስቱ ጠዋት መኪናው እንደገና አጓራ። ታዲያ እኔ ምን አልኩ መሰለህ? ጋራዥ አልወሰደውም አልኩ። ይህንንም ለሰው አልኩት። የገና በዓል ሲደርስ በአንድ ቤት ሐዘን ሆነ፤ እድሩ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጠ። ለምን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። ግርማም ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ እንዳለቀ ወደ ቤቱ ይሄድ ጀመር።

ባለፈው ሰሞን ድምፁ ቢብስብኝ ዳንፎርዝ አካባቢ ወዳለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነዳሁት። ሰምቶት ጤነኛ ነው አለኝ። ጠዋት ጠዋት ነው የሚያመው ብዬ ተከራከርኩ። እንግዲያው እዚሁ ይደርና ነገ አብረን እናስነሣው አለ። በማግስቱ በረዶ ላይ ቆሞ ያደረውን መኪና አስነሣው፤ አጓራ። ይኸውልህ አልኩት፣ ምስክር እንዳገኘ ከሳሽ ደረቴን ነፍቼ። ሰውዬው ሳቀ። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑ በቀላሉ አይተንም፣ ዘይቱም ወፍሯል፤ እንዳይጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱ አየርና ነዳጅ ይጨምርለታል፤ በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያም ቶሎ እንዲግል ነው አለኝ። ሲሞቅ ይወርዳል፤ ሞቆ ካልወረደ ያኔ አምጪው አለ። እያወራን ሳለ መርፌው ቀስ እያለ ወረደ፤ ድምፁም ጸጥ አለ። ግርማ ኢቶቢኮ ድረስ ነድቶ ያሞቀው መኪናማ ምን ሊገኝበት ኖሯል! እኔም አጓራ ባለ ቁጥር ስለማጠፋው፣ ወደ መካኒኩ ስነዳም ዓይኔ መንገዱ ላይ ብቻ ስለነበር፣ ሲወርድ አንድም ቀን ጠብቄ አላየሁትም። አንተም ትል የነበረው ከሞቀ በኋላ ሚኒሞው ካልወረደ ነበር። ግማሹን ነው የሰማሁህ።

ከዚያ ሽማግሌው፣ ይህን ያህል ዓመት እንዴት ሰምተሽው አታውቂም አለኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

አንተ ሻይህን ቆመህ ጠጥተህ ከእኔ በፊት ትወጣ ነበር። ባሌ ጠዋት ጠዋት ከምላሴ ይሸሻል እያልኩ በሰው ፊት አሾፍብህ ነበር፤ አንተም ትስቃለህ። እኔ ጫማዬን አድርጌ ስወጣ መኪናው ሞቆ፣ መስኮቱ ተፍቆ፣ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይጠብቀኛል። የመኪናው ጠባይ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ውጪ ብርዱ እንዴት ነው ብዬህ አላውቅም። መካኒኩ ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያንተን ድካም ሳላውቅ ኖሬ፣ አለማወቄን ደግሞ በአንተው ልጅ በግርማ አሳበብኩ።

ባለፈው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ከመሀላችን አንዲት እናት ስላረፈች ቁልፉን ማን ይያዝ ተባለ። ተነሣሁ።  ያን ቀን ስም ሳልጠራ ያማሁትን አሁን በስሙ ጠራሁት፤ የግርማ እጅ ንጹሕ ነው፣ መኪናዬ አልታመመም፣ የታመመው አፌ ነው አልኩ። ቁልፉ ይመለስለት ብዬ ለመንኩ። ግርማ ከኋላ ተነሥቶ፣ እትዬ ብርነሽ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ፤ ቁልፉን ግን አልይዝም፣ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ሰው ወደ እኔ እንዲያይ አልፈልግም አለ። የተናገረው በትሕትና ነው፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።  እንግዲያው እኔ እይዘዋለሁ አልኩ፤ አፌ ይህን ሲል እኔም ደነገጥኩ።

ዛሬ ጠዋት የሟቿን ወንድ ልጅ ከኤርፖርት ልናመጣ ነበር። ሐዘንተኞቹ ሳይወጡ ደረስኩ፤ ከሟቿ መኪና ላይ በረዶውን ጠርጌ አስነሣሁት። አጓራ። እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ የጎን በር ተከፈተና ግርማ ገባ፤ በአውቶቡስ ነው የመጣው። ሃይዌዩን ለብቻዎ አይደፍሩትም ብዬ ነው አለኝ። ሁለታችንም መርፌውን እያየን ተቀመጥን። ሰው አጠገብ ተቀምጬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሲወርድ ወጥቼ የሐዘንተኞቹን በር አንኳኳሁ።

የሟቿ ሴት ልጅ ከኋላ ገብታ ትንሽ ከተጓዝን በኋላ፣ የእማዬ መኪና ያረጀ ቢሆንም ድምፅ የሚባል የለውም አለች። ግርማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም አንተ ስንት ዓመት ዝም እንዳልክልኝ ዝም አልኩላት።

እስካለሁ ድረስ እንዲህ እያደረግሁ አስታውስሃለሁ፣ ዓለሙዬ።

ያንተው ብርነሽ