አሮጌው የመብራት ሰሌዳ አልተበላሸም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝህ፤ ካልሆነም መነጽርህ አጠገብህ እያለ ያግኝህ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ታውንስቪል ከተማ ያገኘኸው አዲሱ ሐኪም ከኛው ይሻላል? የቤቱ ደረጃ እንደሚያስቸግርህ የነገረችኝ ልጅህ ናት፤ አንተማ ስልኬን ማንሳት ከተውክ ቆየህ። አልፈርድብህም።

እኔ ደህና ነኝ። ሸንኮራው ተቆርጦ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀረው፤ የሸንኮራው ባቡር አሁንም በጓሮዬ ሲያልፍ ብርጭቆዎቼን ያንቀጠቅጣቸዋል። ትተኸው የሄድከው ማንጎ ዘንድሮ ጎንበስ እስኪል አፍርቷል። የሌሊት ወፎቹ ከኔ ቀድመው ደርሰውበታል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ማንጎ አይደለም። ስለ አዳራሹ መብራት ነው። እዚህ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጥፈህ ልታስቀምጠው እንደሚቃጣህ አውቃለሁ። እባክህ ወንድም ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው አንብበውና ከዚያ የፈለግከውን አድርገው።

የቴአትር ማኅበራችን አዲስ መብራት ሊገዛ ነው። የአውራጃው ምክር ቤት ለማኅበራት የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ ለዚያ የሚሞላ ቅጽ መጣ። ቅጹ ላይ «ለምን አስፈለገ?» የሚል ሣጥን አለ። ሜርቭን ታውቀዋለህ፤ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ እስክሪብቶ ከኪሱ አይጠፋም። እንዲህ ብሎ ሞላው፦ «ባለፈው ዓመት አሮጌው የመብራት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በትርዒት መሃል ተበላሽቶ መድረኩን በድንገት ስላጨለመው፣ አንዲት አባላችን ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል።» ከታች የሊቀመንበሩና የጸሐፊዋ ፊርማ ይፈለጋል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ወረቀቱ አንድ ሳምንት ሙሉ የዳቦ ሣጥኔ ላይ ተኛ። ዳቦ ባነሳሁ ቁጥር ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ አልፈርምም።

ዕቃውን የምታስመርጠን ጃሲንታ የምትባል ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች ናት። ቀጭን፣ የማትቸኩል፣ ነገር የማያልፋት። ሜርቭ በመጀመሪያው ቀን ካታሎጉን ዘርግቶ፣ «እነዚህን ራሳቸውን የሚያዞሩትን እንግዛ፤ እንደ ከተማው ቴአትር ቤት ይሁንልን» አላት።

«ጋሽ ሜርቭ፣ መጀመሪያ የተዋናዩ ፊት ይታይ። መብራቱ የሚጨፍረው ከዚያ በኋላ ነው» አለችው።

አንተ የተናገርክ መስሎኝ ዞር አልኩ።

ከዚያ ካታሎጉን ዘግታ ሥራ አስያዘችን። ስንት ፓውዛ እንዳለን፣ ሶኬቱ የት እንዳለ፣ የአዳራሹ ገመድ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መሣሪያው ፊት የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ፓውዛዎቹን ከፍተን ስናይ ከአሥራ ስምንቱ በሰባቱ ውስጥ የጭቃ ተርብ ቤቱን ሠርቷል። «እንኳን ብርሃን፣ ኪራይም አልከፈሉ» አለች ሮዛልባ፣ በከዘራዋ ጭቃውን እየቆረቆረች። አዎ፣ ሮዛልባ ከወደቀች ወዲህ በከዘራ ነው የምትሄደው። በየስብሰባው ትመጣለች፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ መድረኩን ግን አትወጣም።

መብራቱን የምናዝበት ሦስት ዓይነት ምርጫ ነበር። አንዱ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ የላፕቶፑን ትእዛዝ ወደ መብራቱ የሚያሻግር ትንሽ ሣጥን ብቻ ይገዛለታል። ጃሲንታ፣ «ነጻ ነገር መሃል መንገድ ላይ ጥሎህ ሊሄድ ይችላል፤ የአንድ ትርዒት ሰዓት ሙሉ ሳይሞከር አላምነውም» አለች። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው፤ አዳራሹን ከነሰዉ ስክሪኑ ላይ ይሥላል። ሦስተኛው ላፕቶፕ የማይፈልግ፣ እንዳንተው ሰሌዳ በጣት የሚገፋ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሁለተኛውን ለሙከራ ጫነችና የምትሞክርበት አንድ ትርዒት ጠየቀች። ሜርቭ መሳቢያ ከፍቶ ያንተን የመብራት ቅደም ተከተል ወረቀት አወጣላት። የአምናውን። ሌላ ወረቀት ጠፍቶ!

ከኋላዋ ቆሜ አየሁት። መድረኩን ሣለች፣ ወደ ሕዝቡ የሚያወርዱትን አራቱን ደረጃዎች ሣለች፣ አንድ ግራጫ ሰው አቆመች። ከዚያ ያንተን ቁጥሮች አንድ በአንድ ታስኬድ ጀመር። ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ ግራጫው ሰው አራቱንም ደረጃ ወረደ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ጨለመ።

«ወረቀቱ ልክ ነው» አለች።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ሰሌዳህን ከጠዋት እስከ ማታ ስትፈትነው ዋለች። አሞቀችው፣ ነቀነቀችው፣ ገመዱን ነቅላ ሰካችው። እሁድ ከሰዓት ስንሰበሰብ እጇን ሱሪዋ ላይ እየጠረገች፣ «አሮጌ ነው፣ ግን አልተበላሸም። በራሱ አይጨልምም። ያን ቀን አንድ ሰው ነክቶታል» አለች። ልጅቷ ክፋት የላትም፣ ያየችውን ነው የተናገረችው።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ዓመት የኖርነው «ሰሌዳው ነው» ብለን ነው። ከጀርባህ ያሙህ እንኳ፣ እስክትሄድ ድረስ ፊትህ «ብረት ነው፣ ምን ይደረጋል» ይሉ ነበር። አሁን ብረቱ ነጻ ወጣ። ሜርቭ ተነሥቶ ከሰሌዳህ ሣጥን ሥር ጥቁሩን ደብተርህን አወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከእያንዳንዱ ትርዒት በኋላ ጥፋት የምትጽፍበትን። የኔን ስንት ጊዜ ጽፈህብኛል! የራስህንም አትምርም ነበር። መጨረሻውን ገጽ ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ሃያ ሰባት ላይ ጣቴ ቀደመ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሜርቭ መነጽሩን አወለቀ። «ሽማግሌው ደክሞ ኖሯል። እኛ ብረቱን ስናማ ከረምን» አለ። በክፋት አላለውም፣ አዝኖ ነው፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ከዚያ ሳልፈርም ይዤው ከመጣሁት ቅጽ ላይ «ሰሌዳ ተበላሽቶ» የሚለውን ሰርዞ፣ «የመብራት ሠራተኛው በእርጅና ምክንያት ተሳስቶ» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን ወደኔ ገፋው። «በአንድ ቁልፍ የሚሠራ ነገር ያስፈልገናል። የደከመ እጅ የማያጠፋው።»

የምታውቀውን እንደገና የምነግርህ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ እንዲቀመጥ ስለምፈልግ ነው። በማዳመጫው ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነን። ቃል ሰጪዋ፣ እኔ ማለት ነው፣ «ተዘጋጅ» ትላለች፣ ቀጥላ «አሁን» ትላለች። መብራት የያዘው «አሁን» ሳይባል ጣሪያው ቢወርድበት ጣቱን አያንቀሳቅስም፤ ከተባለ ደግሞ አይጠይቅም። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በማዳመጫ የተባለ በማዳመጫ ይቀራል ያልከኝም አንተ ነህ።

ያን ሰሞን ባለቤቴን ኬልቪንን ከቀበርን አምስት ሳምንታችን ነበር። «ቤትሽ ተቀመጪ፣ ሌላ ሰው ይያዘው» ብለኸኝ ነበር። «ባዶ ቤት ምን ልሠራ?» ብዬ ተቆጣሁህ። ልብሱን ሁሉ በካርቶን አድርጌ ለአዳራሹ የልብስ ክፍል ሰጥቼ ነበር፤ የዚህ አገር ሰው የሟች ልብስ የት ይወስዳል? ያባታችን ባርኔጣም እኮ በስንት ንጉሥና በስንት ሌባ ራስ ላይ ኖሯል። በልምምዱ ጊዜ ሁሉ በየራሳቸው ልብስ ነበር የሚሠሩት። የትርዒቱ የመጀመሪያ ቀን ግን፣ ሮዛልባ ደረጃውን መውረድ ስትጀምር፣ ሜርቭ ጀርባውን ሰጥቶኝ ገባ። ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ኮት ለብሶ ነበር። መጣፊያውን አውቀዋለሁ፤ ክሩ አልቆብኝ ግማሹን በሰማያዊ ነው የጨረስኩት። ኬልቪን ራሱ የገባ መሰለኝ።

ሮዛልባ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነበረች። ከዚያ በጆሮህ የገባውን አንተ ሰምተሃል።

እሁድ ዕለት እስክሪብቶውን መለስኩለት። «ጣቱ አልቀደመም። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«የምን ቃል?» አለ ሜርቭ።

«'አሁን' ያልኩት እኔ ነኝ። ሮዛልባ ገና ሳትወርድ። እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው።»

ሮዛልባ ከዘራዋን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «አንቺ፣ ዓመት ሙሉ ሾርባ ስታመላልሺልኝ የኖርሽው ለዚህ ነው? እኔ ወደድሽኝ ብዬ!» አለች። አንዱ ሊስቅ ጀመረና ተወው። «ያውም ጨው የሌለው። ለሰው ልብ ስል ጠጣሁት።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «እሱ ሲሄድ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሻንጣውን የተሸከምሽው አንቺ አይደለሽ? ያኔም ዝም አልሽ?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ያኔም ዝም አልኩ። መስኮቱ ላይ እጅህን ስታወዛውዝልኝም ዝም አልኩ።

ተነሥታ ሄደች። ሜርቭም ቅጹን ቀደደው። ሦስት ቀን ማንም በሬን አላንኳኳም። ዳቦ መሸጫው ውስጥ ወሬው ቀድሞኝ ስለነበር ሰላምታው ሁሉ አጠረብኝ። አንተም ይህንኑ ቀምሰህ ከዚህ እንደሄድክ ያኔ ገባኝ፣ አፈርኩም።

ረቡዕ ሮዛልባ በረንዳዬ ላይ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። «ይቅር አላልኩሽም፤ ጊዜ ስጪኝ» አለች። «ግን ያ ትርዒት ሃያ ሰባት ላይ ተቋርጧል፣ ሕዝቡም ቲኬቱን መልሶ ገንዘቡን አልወሰደም። ልጨርሰው ነው። ያንኑ ደረጃ እወርዳለሁ። የምወርደው ግን ወንድምሽ ቃል ሲሰጥ ነው፤ አንቺ መብራቱን ያዢ። ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚታዘዝ አንድ ጊዜ ቅመሺው። እሱ ካልመጣ እኔም የለሁም። ይህን ጻፊለት።» ከመውረዷ በፊት ማንጎውን አይታ፣ «እነዚህን ለሌሊት ወፍ ከምታበዪ» ብላ ስድስት ሰብስባ ሄደች።

ቅጹን ሐሙስ እንደገና ሞላነው። ጃሲንታ ምክንያቱን እንዳለ ጻፈችው፦ የገመዱ ልባስ ተፈርፍሯል፣ ፓውዛዎቹ ከመጠን በላይ ይግላሉ፣ ተርብ ገብቶባቸዋል። ሜርቭ፣ «ለተርብ የሚራራ ምክር ቤት የት ታውቂያለሽ?» እያለ አጉረመረመ፣ ግን ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ይስጡን አይስጡን አላውቅም። ለአሁኑ ትርዒት ትምህርት ቤቱ አሥራ ሁለት ኤልኢዲ መብራትና ያችን ትንሽ ሣጥን አውሶናል። ካንተ ፓውዛዎች ስምንቱን አጽድተን ለፊት ብርሃን አስቀረናቸው፤ ጃሲንታ ራሷ፣ «የሰው ቆዳ በነዚህ ነው የሚያምረው» አለች። ሶፍትዌሩ ነጻው ሆነ፤ አራት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ሠራ። ሰሌዳህን ማንም አልጣለውም። ከጠረጴዛው ሥር ገመዱ ተሰክቶ ተቀምጧል፤ «ላፕቶፑ ከሞተ ሽማግሌው ይነሣል» ይሉታል። እኔም ቁልፉን እየተለማመድኩ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ናት፣ የጣቴን ያህል። ስፈራት ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

ለምን ብለህ ጻፍክ ብዬ አልጠይቅህም። በዚያ ደብተር ውስጥ ያለችው ውሸት ያቺ አንዷ ብቻ መሆኗን አውቃለሁ፣ ለማን ብለህ እንደጻፍካትም አውቃለሁ። ከሥሯ በኔ እጅ እውነቱን ጽፌ ቀኑን አስገብቼበታለሁ። ቡናማውን ኮት ከልብስ ክፍሉ መልሼ ወሰድኩት። አሁን በሬ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ፣ ምንም አይለኝም፣ እኔም ምንም አልለውም።

ትርዒቱ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ነው። አውቶቡሱ ዓርብ ከሰዓት ይገባል፤ ብትመጣም ባትመጣም ጣቢያው ላይ እቆማለሁ። የማዳመጫህን ስፖንጅ ቀይሬልሃለሁ፣ ወንበሩ ላይ ለጉልበትህ ትራስ አድርጌበታለሁ።

ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልጅህንም የልጅ ልጆችህንም ይጠብቅልህ፤ የተሸከምክልኝን ያህል ቀን ይጨምርልህ።

ሃያ ሰባት ላይ ስንደርስ አትቸኩል፤ ሮዛልባ በከዘራ ነው የምትወርደው፣ በየደረጃው ትቆማለች። አንተ «አሁን» እስክትለኝ ድረስ፣ ጣሪያው ቢወርድም፣ ጣቴን አላንቀሳቅስም።

ሻንጣህን ተሸክማ ዝም ያለችው
ታናሽ እህትህ