ከውርጩ እስከ ቆላው፦ አቶ አበጋዝ ገብረወልድ (1927–1980 ዓ.ም.)

አቶ አበጋዝ ገብረወልድ ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድ ወልደ ሚካኤል እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ማርያም ኃይለመስቀል በአርሲ፣ ሳጉሬ አጠገብ፣ በ1927 ዓ.ም. ተወለዱ። አሰላ ተምረው፣ በግብርና ሙያ ተመርቀው በ1949 ዓ.ም. ሥራ ያዙ። በ1954 ዓ.ም. ከወ/ሮ ውድነሽ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ጋሽ አበጋዝ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለካታር ወንዝ ነው። ወንዝ በወረዳና በቀበሌ ተሸንሽኖ አይታቀድም ባይ ነበሩ። ከጭላሎ ራስ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ያለውን ተፋሰስ እንደ አየሩና እንደ አፈሩ ለዩት። ለውርጩ የአስታ ቁጥቋጦውን፣ ለደጋው ጽድና ኮሶውን፣ ለወይናደጋው ወይራና ዋንዛውን፣ ለቆላው ግራሩን መደቡ፤ ወፉም አውሬውም በየቤቱ እንዲኖር። ለገበሬው በራሱ ቋንቋ በኦሮምኛ ያስረዱ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ይወዷቸው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ዘመቻ መጣና ከላይ እስከ ታች ባሕር ዛፍ ብቻ ይተከል ተባለ። ወዳጆቻቸው ዝም አይነቅዝም ብለው ቢመክሯቸው እምቢ አሉ፤ በስብሰባ ላይ ተነሥተው አስታው ከተነቀለ ምንጩ ይደርቃል ብለው ተናገሩ። አድኃሪ ተብለው ለወራት ታሰሩ፤ ሲፈቱ በጎበሳ ከተማ የመጋዘን ጠባቂ ተደረጉ። ባሕር ዛፉ ቶሎ አድጎ አገሩን ሁሉ ደስ አሰኘ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከቤታቸው በላይ ያለው ምንጭ ሲነጥፍ ሁላችንም ድርቁ ነው አልን። በዓመቱ ዝናቡ ተመለሰ፤ ምንጩ ግን አልተመለሰም። ጋሽ አበጋዝ «ብዬ ነበር» አላሉም፤ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው የለም።

ኩላሊታቸውን ታመው ሲዳከሙ ዘመድ ተሰበሰበ። በእኛ ወግ የተከበረ ሰው በጽድ ሳጥን ይቀበራልና፣ የባለቤታቸው ወንድም ወልደሰንበት በደረቀው ምንጭ አፍ ላይ የቀረችውን አንዲት ጽድ ሊቆርጥ ምሳሩን ስሎ ነበር። ይህን ሰምተው ከአልጋቸው ቀና አሉና፣ «ያችን ጽድ ለእኔ ብላችሁ እንዳትነኳት። ምንጩ ቢመለስ ማን ይጠብቀዋል?» አሉ።

ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 1980 ዓ.ም. በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው፤ በውትድርና ላይ ያለው ወንድ ልጃቸው ገና አልተረዳም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ምንጩ በማይነጥፍበት አገር ያኑርልን። ዛሬ የተሸከምነው ሳጥን የባሕር ዛፍ ነው። ጽዷን አልነካናትም።