ለእማማ ኅዳግ፣ ስለ አርባ ሦስቱ ዜሮዎች

ውድ እማማ ኅዳግ፣

«ለጤናዎ እንዴት ነዎት» ብዬ ሦስት ጊዜ ጀመርኩና ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። የእርስዎን ጤና ለመጠየቅ እኔ ምን አፍ አለኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያልደወለ ሰው ዛሬ ተነስቶ ደህንነት ጠያቂ ሲሆን ያስጠላል። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ጥፋቴ ልግባ። የሚያውቁትን እየደገምኩ ባሰለችዎትም ይታገሱኝ። ጥፋት ከሥሩ ካልተነገረ ምክንያት መደርደር ይሆናል፤ ምክንያት ደግሞ እስከ ዛሬ በቂ ደርድሬአለሁ።

ሥራችን በወረቀት ላይ ስሙ ረጅም ነበር። «የአየር ንብረት ጽንፎችና የማኅበረሰብ የመቋቋም አቅም የተቀናጀ ጥናት።» እርስዎ «የሙቀቱ ሥራ» ሲሉት ነው ሁላችንም ትንፋሽ ያገኘነው። አንድ ኮሪደር ላይ አራት ቢሮ ነበርን። የአየር ጠባይ ሰዎቹ፣ ሐኪሞቹ፣ የእናንተ የማኅበረሰብ ጥናት ክፍል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ እኔ፣ አስተባባሪው። የአየር ጠባዩ ኃላፊ ከተማውን በካሬ ቆራርጦ ነው የሚያየው፤ ሐኪሟ በጤና ጣቢያ፤ እናንተ በቤተሰብ። ሦስቱም «ሰፈር» ይላሉ፣ ሦስቱም ሌላ ነገር ማለታቸው ነው። ስብሰባ ስንቀመጥ ነገሩ ሁሉ ለሰሚው ግራ ነበር። የእኔ ድርሻ ይህን ሁሉ ሰፍቼ ለከተማው አስተዳደር አንድ ካርታ ማውጣት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ቁጥር። ሙቀት ሲመጣ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ሰፈር ቀድሞ ይረዳል፣ ከፍ ያለው ራሱን ይችላል ተብሎ ይታለፋል።

በዚያች ቁጥር ላይ ስምንት ወር ተጨቃጨቁ። የተስማሙ ዕለት ከደስታዬ ብዛት ወንበር ላይ ወጥቼ አጨበጨብኩ፤ ሐኪሟ «ውረድ፣ ትሰበርና ሥራ ታበዛብኛለህ» አለችኝ። ያን ቀን ዓለምን ያስታረቅኩ ነበር የመሰለኝ።

እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ቤት ለቤት ዞረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በጠያቂነት የመጡልን ሰው ነዎት። ወጣቶቹ ጠያቂዎች ታብሌታቸው ላይ ነካ ነካ አድርገው ይመለሳሉ። እርስዎ ታብሌቱንም ይሞላሉ፣ በወረቀቱ መጠይቅ ዳር ዳር ደግሞ ይጽፋሉ፤ ኅዳጉ ሲሞላ ገልብጠው ከጀርባው። «እማማ ኅዳግ» የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር። ይህንንም አልነገርኩዎትም።

ጥያቄ ሃያ ሰባት እንዲህ ይል ነበር፦ ባለፈው የሙቀት ወቅት ከጎረቤት፣ ከዘመድ ወይም ከመንግሥት ስንት ጊዜ እርዳታ ጠየቁ? ብዙ ጊዜ ጠየቅኩ ያለ ሰው በእኛ ቀመር ደካማ ነው። ዜሮ ያለ ራሱን የቻለ። ብዙ የተማርን ሰዎች ተሰብስበን ያወጣነው ቀመር ነው፤ አንዳችንም አልሳቅንም። ከታችኛው ሰፈር አሮጌ ፎቆች አርባ ሦስት ቤት ዜሮ አሉ። ሰፈሩም ከከተማው ሁሉ ጠንካራው ተብሎ ካርታው ላይ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

በሳምንቱ ወረቀትዎን ታቅፈው ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ ይቺን ዜሮ አየሃት?»

«የቷን እማማ?»

«አርባ ሦስቷንም። እነዚህ ሰዎች እርዳታ ያልጠየቁት ሳይቸግራቸው ቀርቶ አይደለም፤ የሚጠይቁት ሰው አጥተው ነው። ልጆቻቸው ርቀዋል፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ያ የምትሰጧቸው የእርዳታ ስልክ ቁጥር ተነስቶላቸው አያውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ፊደል ለቃሚ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ማንን ልጠይቅ፣ ግድግዳውን?› ጽፌዋለሁ፣ እየው።»

አየሁት። እውነቱን ልንገርዎትና አንብቤ ወዲያው ነው የገባኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ሲለቅሙ የኖሩት ሽማግሌ ድምፅ ከወረቀቱ ይሰማ ነበር።

«ገባኝ እማማ። በሁለተኛው ዙር እናየዋለን» አልኩ።

«ሙቀቱ ሁለተኛ ዙር ይጠብቃል?»

«ሠንጠረዡ ተዘግቷል።»

«ተዘጋ? በር ነው እንዴ? ክፈተዋ!» ብለው ሳቅ አሉ። ወረቀቶቹንም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «በአንተ እጅ ይሁን» ብለውኝ ወጡ።

መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ፈራሁ እማማ፤ ሌላ ስም የለውም። ያቺን ቁጥር ከነካኋት የስምንት ወሩ ጭቅጭቅ ሊነሳብኝ ነው፣ የአየር ጠባዩ ኃላፊ «ድሮም በወሬ አይለካም ብያችሁ ነበር» ሊል ነው፣ አስተዳደሩም ካርታው የት ደረሰ እያለ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ሆዴማ አውቆታል።

ከዚያ ያ ሙቀት መጣ። ዘጠኝ ቀን። የውኃ ቦቴዎቹ በካርታችን መሠረት ቀይ ወደሆኑት ሰፈሮች ሄዱ፤ ቀዝቃዛ ማረፊያዎቹም እዚያው ተከፈቱ። ወደ ታችኛው ሰፈር የሄደ የለም፤ እኛ ጠንካራ ነው ብለናላ። አራት ሰው ሞተ። ፊደል ለቃሚውን በስድስተኛው ቀን ያገኛቸው የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ነው። መስኮታቸው ላይ አንሶላ አርጥበው ሰቅለው ነበር አሉ፤ እንጨት ሆኖ ደርቋል።

የግምገማው ስብሰባ ላይ ሁላችንም ነበርን። ሰብሳቢው «ይህ ዜሮ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ። ያልኩትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ እንዳላለዝበው። «ከመስክ ጠያቂዎቻችን ዕድሜያቸው የገፋ ስላሉ፣ ባዶ የተተወውን መልስ ዜሮ ብለው ሞልተውት ሊሆን ይችላል፤ እናጣራለን» አልኩ። እኛ ተመራማሪዎች መዋሸት ስንፈልግ «ሊሆን ይችላል» እንላለን። ዕድሜዋ የገፋ ጠያቂ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ከእኔ በስተግራ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

መነጽርዎን አውልቀው በነጠላዎ ጫፍ ጠረጉና መልሰው አጠለቁት። አዩኝ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አፋቸውን ያዝልኝ ብዬም ጸለይኩ፤ ለዚህ ብሎ የሚጸልይ ሰው አለ? ዝም አሉ። የመሳቢያው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን ያን ቀን ነው የተረዳሁት፤ መሬት ግን የፈለጓትን ቀን አትከፈትም።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ተከትዬዎት ደረስኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም። እርስዎ ቀደሙኝ፤ «የፊደል ለቃሚው ልጅ ሩቅ ናት፤ የነገራት ሰው አለ?» አሉኝ። ስለራስዎ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም «አጣራለሁ» አልኩ። እሱንም አላጣራሁም። በወሩ «ስላገለገሉን እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ ደረሰዎት። ፊርማው የእኔ ነው።

ከዚያማ ዋና አስተባባሪ ሆኜ ተሾምኩ። ካርታውን አስተካከልን ተባለ፤ ጥያቄ ሃያ ሰባትን ግን ማንም አልነካውም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የጥያቄው ሳይሆን የአንዲት አሮጊት ነው ተብሏል። ባለፈው ወር ከሌላ ከተማ ደብዳቤ መጣ። መጠይቃችንን ወደውት እንዳለ ሊገለብጡት ነው፤ ሃያ ሰባተኛውን ጨምረው። ደብዳቤውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እዚያም ፎቅ አለ፣ እዚያም «ማንን ልጠይቅ» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ያን ጊዜ ነው መሳቢያውን ከፍቼ ወረቀቶችዎን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ በአንድ ያነበብኳቸው።

«ይህ ቤት ዜሮ ያለው በኩራት ነው፤ ማድጋው ባዶ ነው» ብለው ጽፈዋል። «ይቺ ዜሮ ውሸት ናት፣ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።» «ውኃ ሳቀብላቸው እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ግማሹ ፈሰሰ፤ ብቻቸውን መኖር የለባቸውም።» በመጨረሻው ወረቀት ጀርባ ደግሞ ለማን እንደጻፉት እንጃ፣ «አስተባባሪው ልጅ ቅን ነው፣ ሲያየው ያስተካክለዋል» ይላል። እማማ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አራቱንም ቢሮ ሰብስቤ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ሐኪሟ አንዱን ወረቀት አንስታ አነበበችና «እኔ እኮ አምኜህ ነበር» አለች። ይሳለቅብኛል ብዬ የፈራሁት የአየር ጠባዩ ኃላፊ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤ «ሴትዮዋ የት ናቸው?» ለአስተዳደሩም ለዚያኛው ከተማም ጻፍን። ጥያቄው ተነስቷል። እኔም ከአስተባባሪነት ተነስቻለሁ፤ ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም፣ የሚገባኝ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝም እውነትዎን ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አላበቃም። ባለፈው ቅዳሜ ቤትዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ተኝተው ነበር፤ ልጅዎ ናት በሩን የከፈተችልኝ። ማንነቴን አላወቀችም።

«ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው ነው የመጣሁት» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እባክህ ወንድሜ፣ ያንን ነገር አታንሳባት። የሚበቃትን ያህል እኔው ተቆጥቻታለሁ። በዚህ ዕድሜሽ ሥራው ይቅርብሽ ብያት ነበር፤ አልሰማ ብላ ቁጥሩን አበላሽታ ሰው ሞተ። እሷም ታውቀዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ አላጠፋሁም ብላ ተከራክራኝ አታውቅም። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ወዲህ ደግሞ ሆዷ ባሰ። ወረቀት ካለህ ስጠኝ፣ የሚመጣላትን ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አቃተኝ። «ሰላም በይልኝ» ብዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ደረጃውን ወረድኩ። ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ስምዎን የወሰድኩት ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፊት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከገዛ ቤትዎ ድረስ ገብቼ፣ ከገዛ ልጅዎ ፊት እንደወሰድኩት አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት አብራችሁ በአንድ ማዕድ ስትቀርቡ ያ ነገር መሐላችሁ ተቀምጧል። ለምን እንዳልነገሯት ለማሰብ ሞከርኩ፤ እኔን ለመሸፈን ይሆን የሚለው ሐሳብ ሲመጣብኝ ተውኩት፤ አልቻልኩትም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በፖስታ እልከዋለሁ፤ እሷ እንድታነበው። ከዚህ በታች ያለውንም የምጽፈው ለእርስዎ አይደለም።

እህቴ፣ ቅዳሜ ዕለት በር ላይ ያነጋገርሽኝ ሰው እኔ ነኝ። እናትሽ አልተሳሳቱም። ዜሮዎቹን የተናገሩት ሰዎቹ ናቸው፤ ዜሮ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከእኛ ሁሉ የገባቸው እናትሽ ብቻ ነበሩ። ሙቀቱ ከመምጣቱ አምስት ወር በፊት በእጃቸው ጽፈው፣ በእግራቸው መጥተው፣ በአፋቸው ነግረውኛል። ሰምቼ ደበቅኩት፤ ሰው ሲሞት በእሳቸው አሳበብኩ። የወረቀቶቹን ቅጂና እኔ የፈረምኩበትን የእምነት ቃል ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ይህችን አንቀጽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው፤ ቸኩለሽ ካለፍሻት ተመለሺና ድገሚያት።

እማማ፣ አንብባ ስትጨርስ አንገቷን ከደፋች፣ አይቀየሟት። እኔ ነኝ ያሳመንኳት።

ይቅርታ ለመጠየቅ ገና ያልደፈረው
የቀድሞው አስተባባሪ