በር ላይ ያልተጠየቀ ቁጥር

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ጡረታውን ለመዱት ወይስ አሁንም እንደ ፋብሪካው ዘበኝነትዎ ደጅ ቆመው የሰፈሩን ሰው ወዴት ነው ሲሉ ይውላሉ? የእማዬስ ሳል ቀነሰላት? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሆዴ ግን ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀበል ብሏል። በሽታ አይደለም፣ ራሴን ተጸይፌ ነው።

ሥራሽ ምንድን ነው እያሉ ሲጠይቁኝ ሁሌ አድበሰብሳለሁ፤ ዛሬ በደንብ ልንገርዎ። ከሕፃናት ክሊኒኮች የሚመጣውን መረጃ በስታትስቲክስ ፕሮግራም አሰላለሁ። ለዚሁ ፋንክሽን የምንላትን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ክብደት ይሰጧታል፤ ከዘጠኝ ኪሎ በታች ከሆነ ተጎድቷል ትላለች፣ ካልሆነ ደህና ነው። ተጎድቷል ለተባለው የዱቄት ወተት ይታዘዝለታል።

መጀመሪያ ስጽፋት መግቢያዋ ላይ ጥያቄ አስቀምጬ ነበር። የመጣው ቁጥር ነው ወይ? አንድ ብቻ ነው? ለሁለት ዓመት ልጅ የሚሆን ክብደት ነው? ካልሆነ ሥራዋን አቁማ በቀይ ጽሑፍ ትናገራለች። አለቃዬ፣ በሌለበት «ይለፍ» የምንለው ሰውዬ፣ ቀዩን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ሥራ አታጓቺ፣ አውጪው አለኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

ሰኞ ዕለት አንዲት ነርስ ዝርዝር ይዛ ቢሯችን መጣች። ለካ ቅጹ ላይ ሳጥን ባዶ መተው ክልክል ስለሆነ፣ ሚዛን ላይ መቆም ላቃተው ልጅ 999 ይጽፋሉ። የእኔዋ ጉድ ደግሞ 999 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሲመጣላት ደህና ነው ብላ ታሳልፋለች። አሥራ አንድ ልጆች፣ ከሁሉም የደከሙት፣ ዘጠኝ ቀን ወተት ሳያገኙ ቀሩ። አንዷ እስካሁን ሆስፒታል ተኝታለች። ነርሷ አልተቆጣችም፤ እነዚህን ደህና ናቸው ያለው ማን ነው ብላ ብቻ ጠየቀች። ከወጣች በኋላ ለፕሮግራሟ በክብደቱ ቦታ «ድመት» ብዬ ጻፍኩላት። ድመትም ደህና ነው አለችኝ።

ይለፍ ምን ቢል ጥሩ ነው? በሚቀጥለው ወር ሪፖርት ዝም ብለን እናስተካክለዋለን፣ ማን ያያል አለ። ይህን ሲል ብስኩት እያላመጠ ነበር፤ ፍርፋሪው የልጆቹ ዝርዝር ላይ ይረግፋል። እንዲህ የሚያስጠላ ነገር አይቼ አላውቅም። ከእሱ አፍ የባሰ ያስጠላኝ ግን ያ የሰረዘው እጄ ነው።

የወተቱን ትእዛዝ በዕለቱ አስተላለፍኩ፣ ጥያቄዎቹን መልሼ አስገባሁ። ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ በስሜ ፈርሜም ሪፖርቱ ለደረሳቸው ሁሉ ላክሁ። ይለፍ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። ውሌ በሐምሌ ያልቃል፤ የሚያድስልኝ አይመስለኝም።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፣ ይህን ግን አይንገሯት። ለታናሽ እህቴ ፈተናዋን በርትታ ታጥና ይበሉልኝ። አጎቴን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሬዲዮኑን ቀነስ ያድርግ።

አባባ፣ በክረምት እርስዎ በሚጠብቁት ፋብሪካ ስሠራ መታወቂያዬን ረስቼ፣ ልጄ ናት ሳይሉ በሰው ፊት ከበር የመለሱኝን ያስታውሳሉ? አንድ ወር ሙሉ አኩርፌዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ሥራዬን ካጣሁ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ ያኔም በር ላይ ሳይጠይቁኝ እንዳያስገቡኝ።

ልጅዎ

ከሥራ ቦታዬ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ግንቦት 9 ቀን