ስለተጠረገው አመድና በቁም ሣጥን ስለተቀመጡት ቀበቶዎች

ጥር 7 ቀን 2010 ዓ.ም.
ደባርቅ

ለተከበሩ የግንባታ ደህንነት ሥልጠና አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም እግርዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ከቢሮዎ በር እስከ ግቢው ድረስ ያሉት አምስት ደረጃዎች በዚህ ወራት ጠዋት ጠዋት የውርጭ አመዳይ እንደሚይዛቸው፣ ዘበኛውም እርስዎ ከመድረስዎ በፊት አመድ እንደሚበትንባቸው በዓይኔ ስላየሁ፣ ስለ እግርዎ እንኳን ብዙም አልሰጋም።

እኔ ምስክር አሻግሬ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በዳባትና በደባርቅ በግንበኝነት ሠርቻለሁ፤ አሁን የምሠራው ከገበያው ጀርባ በሚገነባው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ላይ ነው። ታኅሣሥ 11 ቀን ከዚህ ሕንጻ የጣውላ መወጣጫ ላይ ወድቆ የሞተው ያርጋል አሻግሬ ታናሽ ወንድሜ ነው። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ፣ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

1. ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከኅዳር 18 እስከ 20 ቀን «ከከፍታ መውደቅን መከላከል» በሚል ርእስ ለሕንጻ ተቆጣጣሪዎች ስለሰጡት ሥልጠና ከልብ አመሰግናለሁ። ሥልጠናው ስለ ከፍታ ቢሆንም የተሰጠው ምድር ቤት ባለ አዳራሽ ውስጥ በመሆኑ፣ በሦስቱም ቀን አንድ ሰው እንኳ ሳይወድቅ በሰላም ተጠናቋል። ለሠልጣኞች የታደለውን ጥራዝ ተውሼ አንብቤዋለሁ። የተዘጋጀው ለቆላ አገር ይመስለኛል፤ ሠራተኛ ፀሐይ እንዳይመታው ስለ ጥላና ስለ ውኃ አሥራ አንድ ገጽ ሲኖረው፣ ስለ አመዳይ አንድ መስመር የለውም። ደባርቅ ላይ በታኅሣሥ ፀሐይ የመታው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ያጋጠመኝ እንደሆነ በአስቸኳይ አሳውቅዎታለሁ።

2. እኛ ያልሠለጠንን ግንበኞች ከአባቶቻችን የወረስነው አንድ ልማድ ነበረን። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመወጣጫው ጣውላ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ በላስቲክ ጫማ ሲረግጡት እንደ ሳሙና ነው። ስለዚህ ከየቤታችን አንዳንድ ጣሳ አመድ ይዘን እንመጣና፣ ማንም ከመውጣቱ በፊት ጣውላው ላይ እንበትናለን። ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ጥራዝም አላስፈለገውም።

የሕንጻችን ተቆጣጣሪ አቶ የሺዋስ ከሥልጠናው የምስክር ወረቀትና አሥራ አራት ነጥብ ያለው አንድ ቅጠል ወረቀት ይዘው ተመለሱ። አራተኛው ነጥብ፣ በመወጣጫ ጣውላ ላይ አሸዋም ሆነ ፍርስራሽ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር እንዳይገኝ ያዝዛል። አቶ የሺዋስ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ናቸው። በማግሥቱ መጥረጊያ ይዘው ወጡና አመዱን በገዛ እጃቸው ጠረጉት። «ፎርማን፣ ይኼ እኮ ለእግር ነው» ብንላቸው፣ «ወረቀቱ ላይ አመድ ይበተን የሚል ካለ አሳዩኛ!» አሉን። ፈለግን፤ አልነበረም። ክፉ ሰው እንዳይመስሉዎት፤ በቀብሩ ቀን ከእኔ በላይ ያለቀሱት እርሳቸው ናቸው። ያስተማሯቸውን ነው የፈጸሙት፤ ለዚህም የትምህርት አሰጣጥዎ ፍሬያማነት ሊደነቅ ይገባዋል።

3. ለሥልጠናው ማሳያ፣ የሚወድቅን ሰው የሚይዙ ስድስት የወገብ ቀበቶዎች ከነገመዳቸው መምጣታቸውን ሰምተናል፤ አይተናቸዋልም። አሁን በቢሮዎ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው፣ እያንዳንዳቸው የንብረት ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ ቢጫ ቀለማቸው ሳይደበዝዝ በክብር ተቀምጠዋል። ከቁም ሣጥኑ በላይ የሥልጠናው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ወደ እሱ በመጨረሻ እመለሳለሁ። አቶ የሺዋስ፣ አሁንም ቀበቶ ይታጠቅ የሚለውን ወረቀት አክብረው፣ ቀበቶዎቹን በውሰት እንዲያገኙ ኅዳር 25 ቀን በደብዳቤ ጠይቀው ነበር። መልሱ ታኅሣሥ 16 ቀን ደረሰን። «ንብረቱ ለብልሽት እንዳይዳረግ ጥያቄው በቀጣዩ ሥልጠና ወቅት ይታያል» ይላል። ያርጋል ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ንብረቱ ግን እስካሁን አልተበላሸም፤ እንኳን ደስ አለዎት።

4. አራተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ነገር ግን መዝገብዎ ሙሉ እንዲሆን አብሮ ቢያያዝ ደስ ይለኛል።

ያርጋል ከስሜን ተራራ መንደር ከጊች የወረደው ከሁለት ዓመት በፊት፣ መንደሩ ለፓርኩ ሲባል ሲነሣ ነው። እዚያ ሳለ ገብስ ያርስ ነበር። ደባርቅ ላይ መሬት ስላልነበረው በቀን ሥራ እንዲገባ አቶ የሺዋስ ዘንድ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። «ከፍታ አይፈራም ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «የጊች ሰው ገደል ዳር ነው ያደገ፤ አይወድቅም» አልኳቸው። አባባሌ በሳይቱ ሁሉ ተወደደ፤ መቀለጃ ሆነ። ቁልቁል አይቶ ያመነታ ሰው ሁሉ፣ «የጊቹን ጥሩት!» ይል ጀመር።

በዚያ ቀን ጠዋት ጣውላው ነጭ ነበር፤ አመድ የለም። ማን ይቅደም ተባለ። ሁላችንም እጃችንን እያሻሸን ቆምን። ያኔ ሳቅ ብዬ፣ «ያርጋል ይውጣ እንጂ፣ የጊች ሰው አይወድቅም» ያልኩት እኔው ነኝ። እሱም ባልዲውን አንሥቶ ቀና ብሎ አየኝና፣ «አይ ጋሼ! ገደል እኮ አይነቃነቅም» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ወጣ።

ባጃጅ ውስጥ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። እግሩ ላይ የቀረው አንድ ጫማ ነው። «ጫማዬን አምጡልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ከቀብር ስንመለስ ጫማው ሦስተኛ ፎቅ ጣውላ ላይ እንዳለ ነበር። ሊያወርደው የሚወጣ ስለጠፋ እኔ ወጣሁ፤ ኪሴን ሙሉ አመድ ይዤ።

5. የሕንጻው ባለቤት ደግ ሰው በመሆናቸው፣ የሟቹን የሥራ ቦታ ለሚስቱ ለወለተ ማርያም ሰጥተዋታል። ከጥምቀት በኋላ ሰኞ ጥር 14 ቀን፣ በዚያው መወጣጫ፣ የተቦካ ሲሚንቶ በባልዲ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ማመላለስ ትጀምራለች። ተይ አልኳት። «ሁለት ልጅ ይዤ ምን ላብላቸው? ሌላ ካለህ ስጠኝና እተዋለሁ» አለችኝ። ሌላ የለኝም። ስሟን ሲመዘግቡ ቆሜ ነበር፤ ከመዝጋቢዎቹ አንዱ፣ «የጊች ልጅ አይደለች? ምን ትሆናለች!» ሲል ሰማሁት። ያን ቃል ወደዚህ ሳይት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ ልወስደው ግን አልተቻለኝም።

ስለዚህ እስከ ሰኞ ድረስ ሁለት ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከስድስቱ ቀበቶዎች አንዱን ለወለተ ማርያም ያውሱልን፤ ከተበላሸ እኔ እጠየቃለሁ። ደግሞም በዚያ ወረቀት አራተኛ ነጥብ ሥር፣ አመዳይ ባለበት ጠዋት ጣውላ ላይ አመድ ይበተን የሚል አንድ መስመር ጨምረው ማኅተም ያድርጉበት። አቶ የሺዋስ፣ «ማኅተም ያለበት ይምጣልኝ እንጂ አመዱን ከቤቴ ተሸክሜ አመጣለሁ» ብለውኛል። ደፍሬ ሦስተኛ ብጨምር፣ የሚቀጥለውን ሥልጠና በታኅሣሥ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሦስተኛ ፎቅ ጣውላ ላይ ቢያደርጉልን ምኞቴ ነው። መምህሩ እርስዎ ቢሆኑ ክብራችን ከፍ ይላል። አመድ እኛ እናመጣለን።

ረጅም ደብዳቤ በማንበብ ስለደከሙ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ደረጃዎ ሁልጊዜ አመድ ያልተለየው፣ ወንበርዎም አራት እግሩ የጸና እንዲሆን ከልብ በመመኘት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ከሚሠራ አገልጋይዎ የአክብሮት ሰላምታ ይድረስዎ።

ምስክር አሻግሬ
ግንበኛ

ግልባጭ፦
በገበያው ዳር ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ በሥልጠናው የመጨረሻ ቀን፣ ቀበቶ የታጠቀ ሰው ለፎቶግራፍ ሲፈለግ፣ ሠልጣኞቹ ሱፍ ለብሰው ስለነበር ያርጋልን ከሥራው አስጠርተው ወስደውት ነበር። አዳራሹ በር ላይ አስታጥቀው አነሡትና ወዲያው ፈቱት። «እንደ በቅሎ ጭነው አራገፉኝ» እያለ እየሳቀ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ከቁም ሣጥኑ በላይ የተሰቀለው እሱ ነው፤ ከሥሩ «ሠልጣኝ ተቆጣጣሪ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ስለ ሹመቱ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ያርጋል ከዚህ ሌላ ፎቶግራፍ የለውም። የአርባ ቀኑ ተዝካር ጥር 20 ነውና አንድ ቅጂ ቢሰጡን እንወዳለን። ቀበቶው ከሥዕሉ ላይ እንዳይጠፋ። ልጁ አድጎ «አባቴ ቀበቶ ነበረው?» ብሎ የጠየቀኝ እንደሆነ፣ አዎ፣ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነበረው እለዋለሁ።