ሙሉአለም የዋጠችው የናስ ቁልፍ

ይድረስ ለእኅቴ ለእትዬ ሸዋወርቅ፤ አቦምሳ።

ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ሰው ከሰላምታው በፊት ይህችን ያስቀድም፤ ልጅዎ ሙሉአለም ደኅና ናት፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ ጥንቅሽ ትመጥጣለች። አሁን ወደ ሰላምታችን። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይ? ሕፃኑ አለማየሁ ጥርስ አወጣ? አዝመራውስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም። እጁ የባለቤቴ የኃይለየሱስ ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው። ይህ ይቅር፣ ያ አይጻፍ እያለ ቢያስቸግረኝም እሺ አላልኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን ኃይለየሱስ ለባቡር ጣቢያ የሚለብሰውን ኮት ሳጥብ አንዱ የናስ ቁልፍ ክሩ ላልቶ ኖሯል። ሙሉአለም በጥሳ አፏ ውስጥ ከተተችው። አውጪ ብዬ ብጮህባት ደንግጣ ዋጠችው። እትዬ፣ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አራስ ሳሉ አቅም ቢያንስዎ ለእኔ ለመካኒቱ አደራ ብለው የሰጡኝ ልጅ ናት።

በፋሲካ ቅርጫ የበሬ ሆድ ዕቃ ማጠብ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ሥራ እንደነበር ያውቃሉ። ከሽንፍላው እጥፋት ስንት ምስማርና ጠጠር በእጄ አውጥቻለሁ። ስለዚህ ቁልፉ ከልጅቱ ሽንፍላ ገብቶ እንደሚቀር አልተጠራጠርኩም። በሬ የተሸከመውን ምስማር ይህች ጭብጥ የማታክል ልጅ እንዴት ትችለዋለች አልኩ። ኮሶ ይጠርገዋል ብዬ ወቅጬ ዘፈዘፍኩ። ላጠጣት አፏን ስከፍት ኃይለየሱስ ደረሰና ዋንጫውን ከእጄ ነጥቆ፣ ልጅቱን አቅፎ ወደ ጣቢያው ሮጠ። እኔም በባዶ ራሴ ተከተልኩት።

ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣ አንድ ግሪክ ሐኪም አለ፤ ያን ቀን ከጣቢያው አገኘነው። አማርኛ ሲናገር ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል፤ ሰውዬው ግን ደግ ነው። ሆዷን ዳሰሰና ተዉት፣ በራሱ መንገድ ይወጣል አለ። እኔ ሽንፍላዋ ውስጥ ቢቀርስ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሽንፍላ ምን እንደሆነ እስኪገባው ብዙ ደከምን፤ ሲገባው ሳቀብኝ። በሬ ስለሚያመሰኳ ነው ሆዱ ብዙ ክፍል ያለው፤ ሰው አያመሰኳም፣ ሽንፍላም የለውም አለኝ። አይተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሲማር የሞተ ሰው ሆድ ከፍተው እንዳሳዩት ነገረኝ። አማተብኩ፤ ጆሮዬን ግን አላነሳሁም።

እሱ እንዳስረዳኝ የሰው ጨጓራ አንዲት ከረጢት ናት። ከጉሮሮ የወረደው ምግብ እዚያ ኮምጣጣ ውሃ እየፈሰሰበት እንደ ቡኮ ይታሻል፤ ሲላላ ጥቂት በጥቂት ወደ ቀጭኑ አንጀት ያልፋል። ቀጭኑ አንጀት ተጠቅልሎ ነው እንጂ ቢዘረጋ የእኛ ቤት አይበቃውም። እዚያ ሐሞት ይቀላቀለውና የምግቡ ፍሬ ወደ ደም ይገባል፤ ገለባው ወደ ወፍራሙ አንጀት ይሄዳል፤ ወፍራሙ ውሃውን መጥጦ የቀረውን ያወጣል። ታዲያ ማን ይገፋዋል አልኩት። እናንተ አንጀት ስታጥቡ በጣታችሁ እየጨመቃችሁ ውስጡን ወደ ታች እንደምትሰዱት፣ አንጀትም ራሱን እየጨመቀ ይሰደዋል፤ ልጅቱ ብትተኛም እሱ አይተኛም አለኝ። ልቤ መለስ ያለው ይህን ስሰማ ነው፤ እጄ የሚያውቀው ሥራ ነዋ! ቁልፉ ክብና ለስላሳ ስለሆነ አይወጋትም፣ ኮሶው ግን ሊገድላት ይችል ነበር አለኝ።

ገንፎ እያበላሁ ሰገራዋን በእንጨት እየበተንኩ ጠበቅሁ። ኃይለየሱስ ይህን አልጽፍም ብሎ ነበር፤ አስጻፍኩት። እሑድ ጠዋት ቁልፉ ከፖፖው ቂጥ ቃ ብሎ ሲያርፍ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤቴ ቡዜ እልልታውን ሰምታ፣ ለእኔም ልጅ የደረሰልኝ መስሏት፣ ለአራስ ቅቤ ይዛ እየሮጠች መጣች። ምን ተወለደ ብትለኝ የናስ ቁልፍ አልኳት። ተቃቅፈን ሳቅን፤ ከሳቁ መሀል እኔ አለቀስኩ። ቅቤውንም አልመለሰችም፤ በገንፎ በላነው።

ለባለቤትዎ ለአቶ ንዋይ፣ ለአማትዎ ለእማሆይ ዘርፉ ጉልበት ስሜ እጅ ነስቻለሁ። አለማየሁን ሁለት ጉንጩን ይሳሙልኝ። ቡዜም በኦሮምኛዋ ነጋ ቀብዱ፣ ደኅና ነዎት ወይ ትልዎታለች።

ይህን ሰምተው ልጄን መልሺልኝ ቢሉ እውነት አለዎት፤ አልቀየምም። ሰው ግን አይላኩብኝ፤ ራስዎ ይምጡ። እኔ ከእርስዎ እጅ በቀር ለማንም እጅ አልሰጣትም።

እኅትዎ በላይነሽ
አዳማ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓመተ ምሕረት